ብርማው ወለል

ሰው ኑሮው ሲሻሻል መጀመሪያ የሚጣላው ከአፈር ጋር ነው። አፈር ላይ ድሆ፣ አፈር ላይ በልቶ ያደገ ሰውዬ እጁ ጥቂት ነገር የገባለት ዕለት «ይሄ አቧራ ሳንባዬን ጨረሰው» ይላል። ሳንባ እንዳለው ያወቀውም ያን ዕለት ነው። አፈር በመጨረሻ ሁላችንንም ስለሚያገኘን ቂም አይዝ ይሆናል፤ እኔ ግን እይዛለሁ። ስለ ወለል ላወራችሁ ነው። ተናድጄ ስለማወራ ለዛ ቢያጥረኝ ይቅር በሉኝ።

ጊዜው ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ነው። ከሸዋ ተመድቤ መቀሌ በጸሐፊነት የምሠራ፣ ትግርኛዬ ገና ጥሬ የሆነ፣ አቶ ሐጎስ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየሁ ሰው ነበርኩ። ሐጎስ የጨው ነጋዴ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ መናገሬ በኋላ ስሰድበው እንዳትደነግጡ ብዬ ነው። ከአባቱ የወረሰው ቤት ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ መካከሉ ላይ ትልቅ የእንጨት ምሰሶ የቆመበት ነው፤ ሱቁ ከፊት ለፊት ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የቤቱ እመቤት እናቱ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ «ኣደይ መድኅን» ይላቸዋል፤ ኣደይ በትግርኛ እናቴ ማለት ስለሆነ፣ እናቴ ሩቅ ያለችብኝ እኔም ደስ ብሎኝ እንዲያ እላቸው ነበር።

ኣደይ መድኅን ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። እንግዳ ሰው ግን ቶሎ አያውቅባቸውም። በዚያ ቤት ውስጥ ያለ ምርኩዝ፣ ያለ መሪ፣ በባዶ እግራቸው ሽር ይላሉ። ከምሰሶው ጋር የምላተመው ሁለት ዓይን ያለኝ እኔ ነበርኩ። ምስጢሩ ወለሉ ላይ ነው። ወፍጮው አጠገብ ዕድሜ ያጎደጎደው ስፍራ አለ፤ እንስራው ዙሪያ አፈሩ ይቀዘቅዛል፤ ምሰሶው ሥር ትንሽ ጉብ ይላል፤ ወደ በሩ ሲጠጉ መሬቱ ዘንበል ይላል። በየበዓሉ ዋዜማ ራሳቸው ተንበርክከው በእበትና በአፈር ይለቀልቁታል። መዳፋቸው ያበጃጃትን ጉብታ በማግስቱ እግራቸው ያገኛታል።

ታዲያ ሐጎስ አንድ ቀን ለጉዳይ ኩሓ ደርሶ ሲመለስ፣ ጣሊያን ትቶት ከሄደ ቤት ገብቶ ሊሾ አይቶ መጣ። ሊሾ የሚሉት በሲሚንቶ ተለስኖ በብረት እየታሸ እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቀው ወለል ነው። ከዚያች ቀን ወዲያ ሰውየው እንቅልፍ የለውም። ከጣሊያን ዘንድ ይሠራ የነበረ ግንበኛ አስመጣ፤ ሲሚንቶውም ከየት እንደሆነ እንጃ፣ ተገኘ። ከዚያ የቀለም ምርጫው ተጀመረ።

ይህን ምርጫ እንዲሁ አላልፈውም። ግንበኛው አንዱን ጠቆር፣ አንዱን አመድማ፣ አንዱን ኖራ ጨምሮበት ብርማ አድርጎ በየድንጋዩ ላይ ለሰነና ግቢው ውስጥ ደረደረው። ጎረቤት ተጠራ። ቄሱ ተጠሩ። አንዱ «አመድማው ቆሻሻ ይችላል» ይላል፤ ሌላው «አመድማ ከምድጃዬም አላጣሁ፤ የሰው ቤት የሚመስለው ብርማው ነው» ይላል። ጠዋት በፀሐይ ታየ፣ አመሻሽ ላይ በፋኖስ ታየ፣ ውሃ ተረጭቶበት ታየ። ሐጎስ ሚስት ሲመርጥ ይህን ያህል ደክሞ ከሆነ እንጃ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ።

«ጸሐፊ፣ አንተ ሸዋ ብዙ አይተሃል። የቱ ይሻላል?»

«ኣደይን ጠይቅ» አልኩት።

«ዋይ ጸሐፊ! ኣደይ ቀለም ምን ያደርግላታል?» ብሎ ሳቀ። ግቢው አብሮት ሳቀ። ቄሱም ሳቁ። ዓይን ያለው ሁሉ ሳቀ እላችኋለሁ!

ብርማው ተመረጠ። ቤቱም ሱቁም ተለሰነ። ጨው ጭነው የመጡ ግመለኞች ሱቁ ደፍ ላይ ቆመው እግራቸውን አዩ፣ ወለሉን አዩ፣ ወደ ጎረቤቱ ሱቅ ሄዱ። ይህስ የሐጎስ ጉዳይ ነው፤ ገበያው ያስተምረዋል። እኔን ያንገበገበኝ የቤቱ ነው። ሊሾ ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፤ ለዓይን ውበቱም ይኸው ነው። ኣደይ መድኅን መሐል ቤት ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ለተብርሃን! በሩ የት ነው ያለው?» ብለው የቤቱን ሠራተኛ ሲጣሩ ሰማሁ። በሙሽርነት በገቡበት ቤት በር የሚጠይቁ ሴት! ግንባራቸውን ከምሰሶው ጋር ካጋጩ በኋላ ሐጎስ ጥግ ያለው መደብ ላይ አነጠፈላቸውና «ኣደይ፣ ከዚህ አትነሺ፤ የምትፈልጊውን ለተብርሃን ታቀብልሻለች» አላቸው። ሰው ሁሉ «የእናቱ ነገር አይሆንለትም» እያለ መረቀው። እሳት አመድ ይወልዳል ይባላል፤ የእኛው አመድ ደግሞ ብርማ ነበር።

የኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ሐጎስ ዝክሩንና የወለሉን ምረቃ አንድ ላይ ሊያደርግ ነጋዴውንም ሹሙንም ጠርቷል። በዋዜማው ለንግድ አጉላዕ አደረ፤ ጠዋት በቀጥታ ወደ ቅዳሴ መጣ፤ ከቅዳሴ በኋላ እንግዶቹን አስከትሎ፣ እኔም ከኋላ፣ ቤቱ ደረስን። «ግቡ፣ ጫማችሁን ግን…» እያለ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

እበት። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ አምሮ የተለቀለቀ፣ ቄጠማ የተጎዘጎዘበት እበት።

ኣደይ መድኅን መደቡ ላይ ነጭ ለብሰው ተቀምጠዋል። ሐጎስ «ብርማዬን! ብርማዬን!» እያለ ቄጠማውን በእግሩ ገለጠ። እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ እንኳ ሳያደርጉ፣ «የሚካኤል ቀን ያልተለቀለቀ ቤት የክርስቲያን ቤት ነው እንዴ፣ ወደይ?» አሉ። ወደይ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ቄሱ «አሜን» ብለው ገብተው ተቀመጡ። እንግዳውም ጫማውን ሳያወልቅ፣ ዘና ብሎ፣ እስኪበቃው በላ ጠጣ።

ሰው «ዓይነ ስውር ናቸው፤ ሊሾውን ረስተውት ነው» ተባባለ። እኔ ግን ወለሉን አየሁት። ሜዳ አልነበረም። ከመደቡ እስከ በሩ ጣት የሚያህል ጉብታ ተበጅቶለት ይሄዳል፤ ምሰሶው ዙሪያ ክብ ተሠርቷል፤ እንስራው ጋ ሻካራ ተደርጓል። ሴትዮዋ ሌላ ሰው ሁሉ ቀለም ሲመርጥላቸው፣ በገዛ እጃቸው መንገድ ሠርተዋል። ከሰዓት በኋላ ያለ መሪ ተነሥተው ለእንግዳ ጠላ ሲቀዱ አየሁ። ለሐጎስ ልነግረው አሰብኩ፤ ፊቱን ሳየው «ነገ ይበርድለታል» አልኩ። አልበረደለትም።

እሑድ ኣደይ መድኅንን ለተብርሃን እየመራቻቸው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሐጎስ እቤት ቀረ። ሰው ቀጥሮ ወለሉን አስፋቀ፣ አሳጠበ። ከቅዳሴ ስንመለስ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። ደፉ ላይ ሲደርሱ የለተብርሃንን እጅ ለቀቁ።

«ተዪኝ፣ ጓለይ፤ ከዚህ ወዲያ አውቀዋለሁ» አሏት። ጓለይም ልጄ ማለት ነው፣ ለሴት። ደረታቸውን ነፍተው ገቡ። እግራቸው ጉብታውን ሲፈልግ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ሲል አየሁት። ወለሉ ገና እርጥብ ነበር።

ወጌሻው ዳሌያቸውን አሰረ፤ «ከእንግዲህ መቆማቸውን እንጃ» አለ። ሐጎስ አለቀሰ፤ ከልቡ ነው ያለቀሰው፣ አልዋሽበትም። ሰውም ሊጠይቅ ጎረፈ። «እግዜር ይማርዎ» እያለ ይገባል፣ ቁጭ ይላል፣ ትንሽ ያዝናል፣ ከዚያ ዓይኑ ወደ ታች ይወርዳል። አንዱ ነጋዴ ከበሽተኛዋ መኝታ ሥር ጎንበስ ብሎ ወለሉን በመዳፉ ዳበሰና «ሐጎስ ሓወይ፣ ይሄ ነገር ግን በምን ይታጠባል?» አለው፤ ሓወይ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው።

ደሜ ፈላ። ሐጎስ እንባው ገና ጉንጩ ላይ ነው፤ አፍሮ አቀረቀረ። ልናገር አፌን ስከፍት ኣደይ መድኅን ፊታቸውን ከግድግዳው ሳይመልሱ ቀደሙኝ።

«ንገረው እንጂ፣ ወደይ። ቤታችን የመጣ ሰው ጠይቆ አያፍርም» አሉ።

ሐጎስም ነገረው።