የአባቴ ስኔር ከምን እንጨት ተሠራች?

አዲስ አበባ ውስጥ «አላውቅም» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ኢምፔሪያል ጋ ቆማችሁ መንገድ ብትጠይቁ ሦስት ሰዎች ሦስት አቅጣጫ ይጠቁሟችኋል፤ ሦስቱም በሙሉ ልብ። ክፋት የለበትም። የጠየቀንን ሰው ባዶውን መስደድ ነውር ስለሚመስለን ነው። ይህ ደግነታችን ግን በቀደም እንደ ኮሶ መረረኝ።

አባቴ በወጣትነታቸው የሆቴል ባንድ ከበሮ መቺ ነበሩ። ስኔር የምትባለዋን፣ ከሥሯ ሽቦ የተወጠረባትን ትንሿን ከበሮ የሰጧቸው የባንዱ አለቃ ናቸው፤ «ጭረት እንዳላይባት» ብለው። እኛም ልጆቻቸው ያደግነው በዚሁ ቃል ነው። አባቴ እህቴ ዘንድ ሰንብተው እሑድ ሊመለሱ፣ እኔ ሐሙስ ዕለት ዕቃ ሳዛውር ሰሚት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ጣልኳት። ጎኗ ተሰነጠቀ።

ሙዚቀኛ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። «በራሷ ዓይነት እንጨት ካልተጠገነች ድምጿ ይበላሻል» አለኝ። እንጨቷ ምንድን ነው ታዲያ? ከውጭ ጥቁር፣ ከውስጥ ነጭ ቀለም ተቀብታለች። አባቴን መጠየቅ ደግሞ መናዘዝ ነው።

በፎጣ ጠቅልዬ፣ ታክሲ ውስጥ አቅፌያት ስዞር ዋልኩ። አንዲት እናት «ፊቱን ገለጥ አድርግለት፣ ይታፈናል» አሉኝ። ኦሎምፒያ ያለው የሙዚቃ መሣሪያ ሻጭ በጣቱ ቆርቆር አድርጎ «ሜፕል፣ መቶ ፐርሰንት» አለ። ገርጂ ሶፋ የሚሠራው ሰውዬ ሳይነካት «ማሆጋኒ» አለ። የግቢያችን ዘበኛ «ጽድ ናት፤ አሽትታት» አለኝ። አሸተትኩ። ቀለም ቀለም ትላለች። ቅዳሜ ደረሰ፤ እንቅልፍ የለኝ፣ እህል አይወርድልኝ።

በመጨረሻ እዚያው ገርጂ ጋሽ ከማል የሚባሉ ሽማግሌ አናጢ ጋ ሄድኩ። አገላብጠው አዩና «አላውቅም» አሉ። ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝ።

«ፍቀን እንያት» ብለው የላይኛዋን ቆዳ ፈቱና የውስጡን ነጭ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ይፍቁት ጀመር። ነጣ ያለ እንጨት ወጣ፤ አሁንም አላወቁትም። ዝቅ ብሎ ግን የመዳፍ ያህል፣ መልኩ ሌላ የሆነ ቁራጭ ብቅ አለ።

«ይቺን አውቃታለሁ፤ ዋንዛ ናት» አሉ። «የኔ ልጅ፣ ይቺ ከበሮ ከዚህ በፊትም ተሰብራለች።»

ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ አባቴ አሳዘኑኝ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ለማንም ሳይተነፍሱ! ስንጥቁን ጋሽ ከማል በዋንዛ ሞሉልኝ፤ ቀለሙን እኔ ቀባሁ።

እሑድ አባቴ ከበሮዋን ጭናቸው ላይ አድርገው ሁለቴ መቷት። ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ። ከዚያ ገለበጧትና በሥሯ ባለው ስስ ፕላስቲክ አሻግረው ወደ ውስጥ አዩ።

«ቀለሙን ስንት ጊዜ ቀባኸው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አንዴ» አልኩ።

«አንዴ አይበቃም» አሉ ዓይኔን ሳያዩ። «አለቃዬ ዓይናቸው ጥሩ ስለነበር፣ እኔ ሦስቴ ነው የደረብኩበት።»