ምንጮቹን በክረምት ያየ ሰው

ወልደአረጋይ ማረፉን የሰማሁት ነሐሴ ስምንት ቀን 1956 ዓ.ም. ጠዋት፣ ካፖርቴ ላይ ቁልፍ ስተክል ነው። የቢሮአችን ዘበኛ ገብረአብ በሩ ላይ ቆመና፣ «ጋሼ፣ ካንኮበር ሰው መጥቷል» አለኝ። ኮፍያውንም አወለቀ። ክሩን በጥርሴ በጠስኩና ቁልፉን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዕድሩና በየሰፈሩ የተነገረውን የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። ዝናብ ጣለ ቢሉት እጁን በመስኮት ያወጣል። ልጅ ተወለደ ሲባል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ከማለቱ በፊት መጋረጃውን ይገልጣል። የኛው ወልደአረጋይ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ፣ በልማት ቢሮአችን፣ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጠረጴዛ ተካፍለናል። ሪፖርት በመጣ ቁጥር የሚናገረው አንድ ነገር ነው፦ «ሄጄ ልየው።» ስለዚህ ማዕረግ ሰጠነው፤ ክቡር ሄጄ ልየው አልነው። ሲገባ ብድግ ብለን እጅ እንነሣለን። እሱም ሳይስቅ መልሶ እጅ ይነሣና በቅሎውን ያስጭናል።

አንድ ጊዜ በመዘዞ አጠገብ ያለ ጭቃ ሹም አርባ መጸዳጃ ቤት ተሠርቷል ብሎ አመለከተ። እኔ «አርባ» ብዬ ጻፍኩ። ክቡርነቱ በነጋታው እኔን አስከትሎ ሄደ። እውነትም አርባ ናቸው፤ ክዳናቸውም ያማረ። የራሱ የጭቃ ሹሙ ግን ተቆልፏል።

«ለምን ተቆለፈ?»

«ለእንግዳ ነዋ፣ ጌታዬ! እንዳይቆሽሽ ብለን እኛ ሜዳ እንወጣለን።»

ወልደአረጋይ ወደየበሩ የሚወስደውን መንገድ ሲመለከት ዋለ። መንገዱ ሣር ያበቀለበትን ሁሉ ሠረዘ። ሰባት ቀሩ። ኃላፊያችን አቶ ኪዳነ ማርያም ሳምንት ሙሉ አላናገሩትም። እኔም አኮረፍኩ፤ ሪፖርቱን እንደገና የምገለብጠው እኔ ነኝና።

ነገሩ የከረረው ግን በምንጮቹ ነው። ሃያ ሦስት ምንጮች በሲሚንቶ አስገንብተን ቧንቧ አስገብተን ነበር። በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ እንዞራለን፤ ውሃው ጥርት ብሎ ይወርዳል፤ «ደህና» ብለን እንጽፋለን። ባለፈው ታኅሣሥ ካንኮበር በታች ወለተሐና የምትባል ሴት እንስራዋን አውርዳ ስታዳምጠን ቆየች።

«እናንተ የምትመጡት መንገዱ ሲደርቅ ነው» አለች። «ሐምሌ ላይ ጎርፉ ከላይ ይገባበታል። ሁለት ልጆቼን በተቅማጥ የቀበርኩት በክረምት ነው። እስቲ ይሄንንም ጻፉት።»

መጻፊያ ቦታ አልነበረውም። ቅጹ ላይ ያለው «ተሠርቷል» እና «አልተሠራም» ብቻ ነው። ወልደአረጋይ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በእርሳስ አንድ መሥመር ጨመረ፤ ከላዩም «በክረምት» ብሎ ጻፈ።

አቶ ኪዳነ ማርያም ሲያዩት ጮኹ። «ይህ ካዲስ አበባ ታትሞ የመጣ ወረቀት ነው! አንተ ማነህና ነው የምትጨምርበት?»

«ቅጹ ሰው የሚታመምበትን ወር አይጠይቅማ፣ ጌታዬ።»

«በክረምት ማን ሊሄድ? መንገድ የለ!»

«ሄጄ ልየው።»

ሐምሌ ሁለት ቀን ሲነሣ፣ «ና እንጂ፣ አብረን እንሂድ» አለኝ። ጉልበቴን አሳበብኩ። «ክቡርነትዎ በቅሎዎ አለችልዎ፤ እኔ ምን አደርግልዎታለሁ?» አልኩት። ሳቀ። ጉልበቴ ደህና ነበር።

አራት ሳምንት በዝናብ ዞረ። ደረቱን ብርድ መታው፤ አንኮበር ላይ ቄስ ወልደተንሣኤ ቤት ተኝቶ በአምስተኛው ቀን አረፈ። ለለቅሶ ስሄድ ቄሱ ወረቀቶቹን ሰጡኝ። በሰም ጨርቅ ጠቅልሏቸው ስለነበር አልራሱም። አሥራ አራት ምንጭ አይቷል፤ ስምንቱ ጎርፍ ይገባባቸዋል። የጎርፍ መከላከያው ቦይ ከየት እንደሚቆፈር ለያንዳንዱ ሥሏል። በወለተሐና ምንጭ ላይ፣ «እሷ አሳየችኝ፤ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ቆፈርነው» ይላል።

አቶ ኪዳነ ማርያም ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለበጡ። «መሥመሩን እንዴት ቀጥ አድርጎ ነው ያሰመረው» አሉ። ከዚያ፣ «ቅጹ እንዲሁ ሆኖ ይታተም» ብለው ፈረሙ።

አሥራ አንድ ዓመት ከኋላው እያጉረመረምኩ ተከትዬዋለሁ። ትናንት ገብረአብ፣ «በቅሎዋ ደህና ገብታለች፣ ጋሼ» አለኝ። ጋጣው ድረስ ሄጄ አየኋት።

ዝናቡ ሊያባራ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። በመዘዞ በኩል ያሉት ዘጠኝ ምንጮች በክረምት ገና አልታዩም።