ስለ «የሸለቆው ፖስተኛ» የመጨረሻ በር የተደረገ ስብሰባ

ቀኑንና ቦታውን ከመጻፌ በፊት ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ላስፍር፦ ባለቤቴ ያንን ጌም ሳይጨርስ የሞተው በእኔ ምክንያት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለትንሽ ጊዜ ፈልጎኝ ነበር፤ አልሄድኩም። ጸሐፊ የራሷን ጉዳይ በቃለ ጉባኤ እንዳታስገባ ደንባችን ይከለክላል። ደንቡን የጻፈው ግን እሱ ራሱ ስለሆነ፣ ይህን እኔና እሱ እንነጋገርበታለን።

ዕለቱ ቅዳሜ ነው። ስብሰባው ለዘጠኝ ሰዓት ተጠርቶ፣ ሁሉም «ደርሻለሁ፣ መታጠፊያው ላይ ነኝ» ሲል ቆይቶ ዐሥር ሰዓት ላይ ተጀመረ። ቦታው የጌም ቤቱ የኋላ ክፍል፣ የተሰበሩ ጆይስቲኮች ከሚጣሉበት ካርቶን አጠገብ ነው።

የተገኙ፦
ሰብሳቢ፣ ፋርማሲስቱ
የጌም ቤቱ ባለቤት፣ ሰው ሁሉ «ሶኬት» የሚለው
ልብስ ሰፊዋ
የመኪና መንዳት አስተማሪው
ፀጉር አስተካካዩ፣ በስልክ
ጸሐፊ፣ የማኅበሩ መሥራች ሚስት የነበርኩት፣ ድምፅ የማልሰጥ

ማኅበራችን «ሁሉን ጨራሾች» ይባላል። ሌላው ሰው አንድን ጌም አንድ ምሽት ነካክቶ «አሪፍ ነው» ወይም «አይረባም» ይላል። የእኛ አባላት ግን የመጨረሻው ዕቃ ሳይገኝ፣ የመጨረሻው በር ሳይከፈት ትንፍሽ አይሉም። ሲጨርሱ ግምገማቸውን ጌም ቤቱ መስታወት ላይ ይለጥፋሉ። መስታወቱ እስካሁን ብርሃን በደንብ ያስገባል።

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ፦ በደንባችን ምልዓተ ጉባኤ ማለት ከመቶ መቶ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ራሱ የተላጨ ደንበኛ ትቶ መምጣት እንደማይችል ስላስታወቀ፣ ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊዋ፣ በጆሮው ብቻ የተገኘ ሰው ሙሉ ሰው ተብሎ ይቆጠር እንደሆነ ጠየቀች። ሰብሳቢው ለፀጉር አስተካካዩ ጥያቄውን አቀረቡለት። ከስልኩ የመቁረጫው ማሽን ድምፅ ብቻ ተሰማ። ከረጅም ውይይት በኋላ ድምፁ እንደ «አለሁ» እንዲወሰድ ተወሰነ።

አጀንዳ አንድ፣ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ስለማጽደቅ።

ሰብሳቢው የመድኃኒት ወረቀት እንደሚያነቡ አድርገው፣ ከላይ እስከ ታች፣ ፊርማዎቹን ጭምር አነበቡ። ልብስ ሰፊዋ «በመካከል ሳቅ ተሰማ» የሚለው የእርሷን ሳቅ የሚመለከት ከሆነ በስሟ እንዲጻፍላት፣ ካልሆነ እንዲሰረዝ አመለከተች። የማን ሳቅ እንደነበር ማንም ስላላስታወሰ ሳቁ ለሁሉም እኩል ተከፋፍሎ ጸደቀ።

አጀንዳ ሁለት፣ «የሸለቆው ፖስተኛ» የሚገኝበት ሁኔታ።

ጌሙ አንድ ፖስተኛ በሸለቆ ውስጥ እየዞረ ደብዳቤ የሚያድልበት ነው። ጨረስኩ ለማለት ሁሉም ደብዳቤ መድረስ፣ የተሰበረው አጥር ሁሉ መጠገን፣ የሚጮኸው ውሻ ሁሉ ወዳጅ መሆን አለበት። አባላቱ በሙሉ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ላይ ደርሰዋል። በሙሉም እዚያው ቆመዋል። የቀረው አንድ ደብዳቤ ነው፤ የሚደርሰው ኮረብታው ላይ ላለው ቤት ሲሆን፣ በሩ ግራና ቀኝ ሁለት እጀታ አለው። ሁለቱ አብረው ካልተጎተቱ አይከፈትም። ፖስተኛው አንዱን ሲይዝ ለሌላው እጁ አይደርስም።

አባላት ያደረጉትን ጥረት እንደሚከተለው አስረዱ። የመንዳት አስተማሪው፣ ነገሩ እንደ ፍሪሲዮንና ነዳጅ መስጫ ነው ብለው አምነው አንዱን ቀስ እያሉ ሲለቁ ወደ ሌላው መሮጣቸውን፣ ነገር ግን የመጀመሪያው ሁልጊዜ ቀድሟቸው እንደሚመለስ ገለጹ። ልብስ ሰፊዋ የጆይስቲኩን ቁልፍ በክር አስራ እንደነበር፣ ፖስተኛው ግን እጀታው ላይ ተሰፍቶ እንደቀረ ተናገረች። ክሩ ጥሩ ክር እንደነበር እንዲመዘገብላት ጠየቀች፤ ተመዝግቧል። ሰብሳቢው ምናልባት ጊዜ የሚፈልግ ነገር ይሆናል በሚል፣ ከምሳ በኋላ የግራውን እጀታ ይዘው ሱቅ እስኪዘጋ መቆየታቸውን፣ በዚህ መሐል ሁለት ሰው የሳል ሽሮፕ ፈልጎ መመለሱን አስታወቁ። ፀጉር አስተካካዩ ረዘም ያለ አስተያየት ሰጠ። በማሽኑ ድምፅ ምክንያት አልተሰማም፤ ድጋፍ ተብሎ ተያዘ።

አጀንዳ ሦስት፣ የመፍትሔ ሐሳቦች።

ልብስ ሰፊዋ ከጌም ቤቱ ደንበኞች ምክር ብንጠይቅ ምን አለበት የሚል ሐሳብ አቀረበች። ሰብሳቢው ወዲያው አንቀጽ አራትን አነበቡ፦ «ጨራሽ በራሱ እጅ ብቻ ይጨርሳል፤ የሌላ ሰው እጅ የነካው ጌም አልተጨረሰም።» መሥራቹ በሕይወት እያሉ፣ ማንም በእርዳታ እንዳይታማ ብለው በየማሽኑ ላይ ያለው ሁለተኛው የጆይስቲክ ቀዳዳ እንዲታሸግ ማዘዛቸውንም አስታወሱ። ሶኬት ከፋርማሲው በተወሰደ ፕላስተር ሁሉንም ማሸጉን፣ አንዱም እንዳልተነካ፣ ፕላስተሩ አቧራ ጠጥቶ የማሽኑን ቀለም እንደያዘ አረጋገጠ። ለጥንቃቄው ተመሰገነ። የልብስ ሰፊዋ ሐሳብ ወደቀ።

ቀጥሎ የመንዳት አስተማሪው የፖስተኛው እጅ እንዲረዝም ለጌሙ ሠሪዎች ማመልከቻ ይጻፍ አሉ። ምን ያህል ይርዘም በሚለው ላይ ክርክር ተነሣ። ልብስ ሰፊዋ ትከሻውን ሳትለካ እጅጌ እንደማትቆርጥ በማስታወቋ፣ ሜትሯን አውጥታ ስክሪኑ ላይ እንድትለካው ተደረገ። ማመልከቻው እንዲጻፍ ተወሰነ። ሶኬት ደግሞ ዘጠና ዘጠኝን መቶ ብለን ብንጠራው የሚጎዳ ሰው የለም አለ። ሰብሳቢው፣ ዛሬ ለዘጠና ዘጠኝ ካዘንን ነገ ዘጠና ስምንት በር ያንኳኳል ብለው መለሱ። ሶኬት ሐሳቡን ተወ፤ ግን አኩርፎ ማራገቢያውን ወደ ራሱ አዞረ።

በዚህ መካከል ልብስ ሰፊዋ፣ መሥራቹ ይህን ጌም ጨርሰውት የለም እንዴ፣ እሳቸው የከፈቱትን በር እኛ እንዴት አቃተን ስትል ጠየቀች። ሁሉም ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ። ጸሐፊዋ ከወረቀቷ ቀና አላለችም።

ሶኬት ቀጥሎ ያለውን መናገር አልፈለገም ነበር። ከሐዘኑ በኋላ ለጌም ቤቱ የሰጠሁትን የመሥራቹን ማሽን ሲያጸዳ ከፍቶት እንደነበር፣ እዚያም ያገኘው ዘጠና ዘጠኝ መሆኑን ገለጸ። የመንዳት አስተማሪው፣ ታዲያ በለቅሶው ጨርሰዋል ብለውን አልነበረም ወይ ሲሉ ወደ እኔ ዞረው ጀመሩ። ሰብሳቢው በሐዘን ቤት የተነገረ ነገር በማኅበሩ እንደማይመረመር አስታውሰው ዘጉት። ለዚህ ደግነታቸው አመሰግናቸዋለሁ።

አጀንዳ አራት፣ የመጨረሻ ግምገማ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለላቸው። እሳቸውን የሚያህል ጨራሽ ያልከፈተው በር የሚከፈት በር አይደለም ተባለ። ሁሉም ወንበሩ ላይ ተደላደለ፤ ሶኬትም ማራገቢያውን መለሰ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ «የሸለቆው ፖስተኛ» ጉድለት ያለበት ጌም ነው የሚል ግምገማ መስታወቱ ላይ እንዲለጠፍ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ጸሐፊዋ ውሳኔውን በንጹሕ ጽሑፍ እንድታዘጋጅና እንድታነብ ታዘዘች።

ጻፍኩት። ጽሑፌ እንደዚያ አምሮ አያውቅም። ከባለቤቴ ሞት ወዲህ ስንት መጽሐፍ ሳገላብጥ፣ ለእኔ የሚሆን ዓረፍተ ነገር ስፈልግ ኖሬያለሁ፤ ይኸው አምስት ሰዎች ድምፅ ሰጥተው በነጻ ሰጡኝ። ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ፦ «መሥራቹም ሆኑ ሌሎች አባላት ያልጨረሱት ጥፋቱ የጌሙ ሆኖ ነው እንጂ፣ የማንም ሰው አይደለም።» «የማንም ሰው» ላይ ስደርስ ድምፄ ቆመ። እንደገና ሞከርኩ፤ እዚያው ቆመ።

ጸሐፊዋ የመናገር ዕድል ጠየቀች። ድምፅ የማይሰጥ ሰው መናገር ይችላል ወይ በሚለው ላይ ደንቡ ተገላበጠ፤ ምንም አይልም። ልብስ ሰፊዋ፣ ይህን ያህል ጊዜ የእኛን ወሬ ያለ ቅሬታ የጻፈች ሴት አንድ ቀን ብትናገር ጣራው እንደማይወርድ አስረዳች። ተፈቀደ።

«ጌሙ ጉድለት የለበትም» አልኩ። «ሁለተኛ ጆይስቲክ ይፈልጋል።»

ወረቀቱን አስቀምጬ ቀጠልኩ። ባለቤቴ ቤት ባለው ማሽን ላይ የለጠፈውን ፕላስተር በገዛ እጁ ልጦ፣ ሁለተኛ ጆይስቲክ ሰክቶ እንደጠራኝ ነገርኳቸው። «ነይማ፣ ይቺን በር ያዥልኝና ትሄጃለሽ» ነው ያለኝ። እኔ ጓዳ ልብስ እያጠብኩ ነበር። «እጄ ሳሙና ነው» አልኩት። «ግድ የለም፣ እጠብቅሻለሁ» አለኝ። ልብሱን ጨረስኩ፣ አሰጣሁ፣ ከጎረቤት ጋር አጥር ላይ ቆሜ አወራሁ። ስመለስ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወስዶታል። በሌላው ቀን አልጠየቀኝም፤ እኔም አላነሣሁበትም። ከዚያ በኋላ የመጣው ሕመሙ ነው።

«ሳሙና የማለቅለቂያ ውሃ አጥቼ አይደለም» አልኳቸው። «የልጅ ጨዋታ ነው ብዬ ንቄው ነው።»

ያን ጊዜ በስልኩ ውስጥ የመቁረጫው ማሽን ጠፋ። «እየሰማሁሽ ነው፣ እትዬ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። በዛሬው ስብሰባ በግልጽ የተሰማ ብቸኛ ንግግሩ ይህ ነው።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያም በሥነ ሥርዓት ጥያቄ፣ መሥራቹ አንቀጽ አራትን ጥሰዋል ማለት ነው ወይ አሉ።

«ጥሰዋል እንጂ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እንኳንም ጣሱ። እኛ ነን ፕላስተር ስንጠብቅ የከረምን።»

ሶኬት የመሥራቹን ማሽን ሲረከብ መልሶ የለጠፈበትን ፕላስተር በጥፍሩ መላጥ ጀምሮ ነበር። ከካርቶኑ ውስጥ የሚሠራ ጆይስቲክ ፈልጎ ሰካ። የባለቤቴ ኮረብታ ስክሪኑ ላይ መጣ፤ በሩ አጠገብ የባለቤቴ ፖስተኛ የግራውን እጀታ ይዞ ቆሟል። ሁለተኛው ጆይስቲክ ሲበራ በቀኝ በኩል ቦርሳ ያነገተች ሴት ፖስተኛ ብቅ አለች። ኮፍያዋን አስተካከለችና ቆመች። የመንዳት አስተማሪው፣ ይህች ሰው እስከዛሬ የት ነበረች ብለው ጠየቁ።

ሁለተኛውን ማን ይያዝ በሚለው ላይ ጭቅጭቅ ተነሣ። ሰብሳቢው በማዕረግ፣ የመንዳት አስተማሪው በልምድ፣ ልብስ ሰፊዋ በእጅ ቅልጥፍና ለራሳቸው ጠየቁ። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ትቶ እንደሚመጣ አስታወቀ፤ የደንበኛው ተቃውሞ በስልክ ተሰምቷል። ጸሐፊዋ፣ የባለቤቷን ቦታ እርሷ እንደምትይዝ፣ የሴቲቱን ጆይስቲክ የሚይዘው ግን እዚህ ካሉት ማንም እንዳልሆነ ተናገረች። ይህን ጌም የላከችለት ልጃችን ናት። እርሷም በሩቅ ከተማ፣ ለብቻዋ፣ እዚያው በር ላይ ቆማለች። በደወለች ቁጥር «እማ፣ አባባ ያንን በር እንዴት ከፈተው?» ትለኛለች። እኔም «እሱ ነበር የሚያውቀው» እላታለሁ።

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። ክርክሩ በዚሁ ቆመ።

ውሳኔ፦ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ጌሙ ጉድለት አለበት የተባለው ቀርቷል። የፖስተኛው እጅ ባለበት ርዝመት ይቆያል። አንቀጽ አራት ከነፕላስተሩ ተነሥቷል። የፀጉር አስተካካዩ በማሽን ድምፅ መገኘት ተሰርዞ በአፉ እንደተገኘ ተይዟል፤ በዚህም ምክንያት ስብሰባው ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ መጀመሩ ስለታወቀ፣ ያለፈው ቃለ ጉባኤ መጽደቅም ሆነ የሳቁ ክፍፍል እንዳልነበረ ይቆጠራል። መስታወቱ ላይ «የሸለቆው ፖስተኛ፦ ገና ነው» ተብሎ ይለጠፋል። የመሥራቹን ማሽን ማንም እንዳይነካው ሶኬት ኃላፊነት ወስዷል።

ስብሰባው አንድ ደንበኛ ግማሽ ፀጉሩ የተላጨ ራሱን በበሩ አስግጎ «ያ ሰውዬ እዚህ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ወደ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ተበተነ።

የዚህ ቃለ ጉባኤ ተቀባይ ማኅበሩ አይደለም። ለማኅበሩ አጭሩን እጽፍለታለሁ። ይህኛው ለአንቺ ነው፣ ልጄ። አባትሽ በሩን አልከፈተውም፤ በሩ ላይ ሆኖ ጠበቀኝ እንጂ። በሥራሽ ፈቃድ ስታገኚ ነይ። እጄን ታጥቤ፣ አድርቄ እጠብቅሻለሁ።