የአቶ መልከጸዴቅ የዋልታ ጉዞና ሻንጣው

የዋልታ አሰሳን ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት እስካሁን በባሕር ማዶ የምንኖርባትን ከተማ የቡሪየንን ስም አለማንሳታቸው ከፍተኛ ጉድለት ነው። ይህንኑ ለማረም፣ የመረዳጃ ማኅበራችን የመጀመሪያው የሰሜን ዋልታ አሳሽ የአቶ መልከጸዴቅ ታሪክ እንደሚከተለው ቀርቧል።

አቶ መልከጸዴቅ ከፓርኪንግ እስከ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳሉ። ዓመቱን ሙሉ ሌላውን ወደሚበርበት እያደረሱ እሳቸው ያንኑ መንገድ መዞራቸው ውስጥ ውስጡን ያንገበግባቸው ነበር። አንድ ቀን የአንድ የጥንት አሳሽ የሕይወት ታሪክ እጃቸው ገባ። ሰውየው ሸክሙ ሲከብደው ማንኪያውን ሳይቀር በረዶ ላይ ጥሎ ሄዷል። እዚህ ላይ ሲደርሱ እንባቸው መጣ። እሳቸውም ወደ ሰሜን ጫፍ ባለችው በአንኮሬጅ ከተማ በኩል አልፈው፣ ድንኳንና ብስኩት ብቻ ይዘው፣ የማኅበሩን ሰንደቅ ዋልታው ላይ ሊተክሉ ቆረጡ።

ስህተታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ለማኅበሩ ተናገሩ።

ሊቀመንበሩ አቶ ብዙነህ "ከታሪካዊው ተልዕኮ ጎን በጽናት እንቆማለን" ሲሉ ሰፊ ንግግር አደረጉ። ጭብጨባው ሳያበቃ ወደ አሳሹ ጆሮ ጠጋ አሉ።

"ሶ... አንኮሬጅ የወንድሜ ልጅ አለ። ጫማ ብጤ ናት፤ ቦታ አትይዝም።"

"እኔ እኮ ዋልታ ነው የምሄደው።"

"ኦኬ፣ ሲያልፉ ነዋ።"

ከማኅበሩ እናቶች አንዷ እትዬ አዳነች ግን ስለ ዋልታው ጠየቁ።

"እዚያ ማን አለን?"

"ማንም የለንም፣ እትዬ።"

"ታዲያ ማን ሊቀበልህ ነው?" ብለው ከልባቸው አዘኑላቸው። ካዘኑም በኋላ አንኮሬጅ ላለችው እህታቸው በርበሬ አስያዟቸው።

ሽሮው፣ ቫይታሚኑ፣ የክርስትና ልብሱ ተከተለ። አቶ መልከጸዴቅ የዋልታን ብርድ ለመድፈር የተዘጋጁ ጀግና ናቸው፤ እምቢ ማለት ግን ከአቅማቸው በላይ ነው።

ኤርፖርት ሲደርሱ ሚዛኑ አልፈቀደም። ሻንጣውን ወለሉ ላይ ከፈቱት። የሰው አደራ አይጣልምና ድንኳኑ ወጣ። ብስኩቱ ወጣ። በመጨረሻም ሰንደቁ ወጣ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሠርካለም የወጣውን ሰብስበው ወደ ቤት ሲመልሱ፣ አሳሹ ወደ ሰሜን በረሩ።

አንኮሬጅን በታክሲ ከዳር እስከ ዳር አስሰው ዕቃውን አደሉና ተመለሱ። ማኅበሩም "አንድም ዕቃ ሳይጎድል የተጠናቀቀ አሰሳ" ብሎ ደማቅ አቀባበል አደረገላቸው። አቶ ብዙነህ ጫማው ልጁን እንደጠበበው ገልጸው፣ ሁለተኛው ጉዞ እንዲፋጠን አሳሰቡ። ስለ ዋልታው የጠየቀ የለም። አቶ መልከጸዴቅን ያን ቀን በጣም ከፋቸው።

ባለፈው ስብሰባ ተናኘ የምትባል ወጣት መሐንዲስ ደቡብ ዋልታ ያለ የምርምር ጣቢያ ሥራ ማግኘቷን ተናገረች። አዳራሹ ዕቃ ሊያስይዝ ገና ሲንቀሳቀስ አቶ መልከጸዴቅ ብድግ አሉ።

"ልጄ፣ የማንንም ዕቃ እንዳትይዢ። ማንኪያ እንኳ።"

"እሺ ጋሼ፤ አመሰግናለሁ።"

ጉባኤው ተቀየማቸው። እሳቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን እንደዚያ ኮርተው አያውቁም።

ስብሰባው ተበትኖ ተናኘ መኪናዋን ስትከፍት ከኋላዋ የሚሮጥ ሰው ሰማች። አቶ መልከጸዴቅ ነበሩ። ግራ ቀኝ አይተው፣ ከካፖርታቸው ሥር የተጠቀለለውን ሰንደቅ አወጡ።

"ይቺ እንኳ ዕቃ አይደለችም" አሉ። "ቦታ አትይዝም።"

ተናኘ በማኅበሩ እጅ ያደገች ልጅ ናት፤ እምቢ ማለት አልተማረችም። በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው።

"ችግር የለም፣ ጋሼ። እዚያ ዕቃዋን የሚቀበለኝን ሰው ስልክ ብቻ ይስጡኝ።"