ባልዲው የተቀመጠበት ቦታ

ደግነት ብቻውን ሲሆን የሚያፍር ይመስለኛል። ሰው እጁን ኪሱ የሚከተው ወይ ሲስቅ ነው፣ ወይ ሆዱ ሲባባ፣ ወይ ደግሞ ጎረቤቱ እያየው መሆኑን ሲያውቅ። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም፤ ራሴንም ጨምሬ ነው። እኛ አገር መኪና በአበባና በሪባን ከተሸፋፈነ ውስጡ ሙሽራ አለች ማለት ነው። እኔ በምኖርበት በሳዑዲው አቡ ዓሪሽ ግን፣ ከጂዛን ትንሽ ገባ ብሎ ባለው በዚህ የማንጎና የወበቅ ከተማ፣ መኪና የሚያጌጠው ለምጽዋት ነው። በዓመት አንድ ቀን የከተማው የበጎ አድራጎት ማኅበር ጥሪ ያደርጋል። ባለሱቁ ሁሉ የጭነት መኪናውን አስጊጦ በዋናው መንገድ ያሰልፋል፤ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ቆሞ ያያል፣ ይስቃል፣ ፎቶ ያነሳል፣ በየመኪናው ላይ ወደተቀመጠው ባልዲም ሪያሉን ይወረውራል። በመጨረሻ ዳኞች ከሁሉም ላማረው ዋንጫ ይሸልማሉ። ገንዘቡ ለችግረኛ፣ ዋንጫው ለባለሱቅ። ለሹፌሩ የተመደበ ነገር የለም። ሹፌሩ እኔ ነኝ።

ከፊሌ፣ ማለትም በስሙ ቪዛ ያወጣልኝ አሠሪዬ፣ አቡ ፈይሰል ይባላል፤ የቀለምና የብረታ ብረት ነጋዴ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደመወዝ በሰዓቱ ይከፍላል፣ ሲቆጣም ቶሎ ይረሳል። አንድ ሕመም ብቻ ነበረበት። በተወዳደረ ቁጥር የሚያሸንፈው ከፊት ለፊቱ ያለው ዳቦ ጋጋሪ ነው። ባለፈው ዓመት ዳቦ ጋጋሪው የመኪናውን ርዝመት የሚያህል ዳቦ ጋግሮ መጣ፤ የእኛ መኪና የቀለም ቆርቆሮ ተደርድሮበት ከኋላው ተከተለ። ሕዝቡ እኛን አላየንም፤ ዳቦውን ሲያሸት ነበር።

ዘንድሮ መዋጮው ባሕር ለበላቸው ዓሣ አጥማጆች ቤተሰቦች እንደሚሆን ሲነገር፣ አቡ ፈይሰል ሠራተኞቹን ሰብስቦ ሐሳብ ጠየቀ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም፣ እኔ ተናገርኩ።

«ጀልባ እንሥራ። መኪናው ላይ ትልቅ ጀልባ፤ ሠራተኞቹ አጥማጅ ሆነው ይሳፈሩበት፣ መረብ ይወርውሩ፣ ይዝፈኑ።»

አቡ ፈይሰል ተነስቶ ግንባሬን ሳመኝ። እኔም ደስታዬ ጣሪያ ነካና የሌሎቹን ፊት ሳላይ ቀረሁ።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት በአውሮፕላን ነው። ይህን ሳልጠየቅ የምናገር ሰው ነኝ። ሻንጣዬን እየጎተትኩ፣ ቪዛዬን በእጄ ይዤ፣ በመስኮት ደመና እያየሁ ነው የመጣሁት። መጋዘን ውስጥ ከእኔ ጋር የሚሠሩት ስድስቱ ልጆች ግን፣ የወሎም የራያም ልጆች ናቸው፣ ሁሉም የመጡት በባሕር ነው፤ ወረቀታቸው የተስተካከለው ኋላ ነው። ይህን አውቃለሁ። አውቄም ጀልባ እንሥራ አልኩ። ማወቅና ማሰብ ለየብቻ የሚኖሩ ነገሮች መሆናቸውን የተረዳሁት ኋላ ነው።

ከስድስቱ አንዱ ሰዒድ ነው። ከእኔ ጋር የአንድ ቀበሌ ልጆች ነን፤ የእናቱ የእማማ ዘሃራ ቤትና የእኛ ቤት በአንድ የቁልቋል አጥር ነው የሚለያዩት። ሰዒድ ከአገር የወጣው ከታናሽ ወንድሙ ከጀማል ጋር ነበር። ከባሕሩ የወጣው ብቻውን ነው። ሲሚንቶ ስናራግፍ አንድ ቀን በአጭሩ ነገረኝ፤ ደላሎቹ የየመን ዳርቻ ሳይደርሱ ሰዉን በዱላ እየገፉ ውሃው ላይ ጣሉት፤ እሱ ዋኘ፤ ጀማል አልዋኘም። ከዚያ ወዲያ አላነሳውም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

እናቱ ይህን አያውቁም። ሰዒድ ሊነግራቸው አልቻለም፤ ሐዘኑ በስልክ እንዳይገድላቸው ይሁን፣ ወይ «ወንድምህን ጥለህ መጣህ» እንዳይሉት ይሁን እንጃ። ብቻ በየጁምዓው ይደውላል፣ እሳቸውም «ጀማልስ?» ይሉታል። መልሱን ያዘጋጀሁለት እኔ ነኝ። «ደርብ የሚባል ከተማ ሄዷል በል፤ እርሻ ላይ ነው፣ ኔትወርክ የለም በል።» ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ ጀማል ደርብ ነው። ሐብሐብ ይለቅማል፣ ቲማቲም ይለቅማል፣ ስልክ አይዝም።

ጀልባው ተሠራ። ኮምፔርሳቶውን የቆረጥኩት እኔ፣ ሰማያዊ የቀባው ሰዒድ ነው። ከኬሻ ሸራ ሰፋን፣ ከቆርቆሮ ዓሣ ቀደድን። ከጎኑ ላይ የውሃ መስመር ስናሰምር ሰዒድ ከፍ አድርጎ አሰመረው። «ጀልባ ሰው ሲጭን እዚህ ድረስ ይሰምጣል» አለኝ፣ ልክ ስለ ሲሚንቶ ከረጢት እንደሚያወራ። «ትሳፈራለህ?» አልኩት። «እንጨት ነው» አለ። «አዎ፣ ውሃም የለው» አልኩት እኔ ብልሁ።

የሰልፉ ቀን ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ መኪናውን አቆምኩና ስድስቱን ጠራኋቸው። ነጭ ሽርጥ ታጥቀዋል፣ በራሳቸው ላይ የጂዛን የአበባ ጉንጉን አድርገዋል፤ ያምራሉ። አቡ ፈይሰል ከታች ሆኖ ያስተምራል፦ ሁለቱ ቆመው መረብ ይወርውሩ፣ አንዱ መቅዘፊያ ይያዝ፣ ሌሎቹ ያጨብጭቡ። እሺ እሺ ብለው ወጡ። ወጥተው ግን አልቆሙም። አንድም ሰው ሳይናገር፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ፣ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ጥግ ላይ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ እግሩን ከፈተ፤ ሁለተኛው በእግሩ መሐል ገባ፤ ሦስተኛው በሁለተኛው። ራሳቸውን ደፉ። ያ ሁሉ ሰፊ ቦታ እያለ የጀልባውን ሩብ በማይሞላ ስፍራ ላይ ተጣበቁ። ደላሎቹ እንደዚያ ነው ለካ የሚጭኗቸው፤ የተንቀሳቀሰ ይመታል።

ሰዒድ አራተኛ ነበር። ከኋላው ያለው በጉልበቱ አቅፎታል፤ ሰዒድም እግሩን ከፍቷል። ከፊቱ ግን ማንም አልተቀመጠም። አምስተኛውና ስድስተኛው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ዘለው ከዚያ ወዲያ ተቀመጡ። ማን ነገራቸው? ማንም።

«ያላ፣ ሳቁ እንጂ!» አለ አቡ ፈይሰል። አንደኛው ጥርሱን አሳየ፤ እሱ ደግሞ ባሰ። ሰልፉ ተንቀሳቅሷል፣ ጊዜ የለም። አቡ ፈይሰል የመዋጮውን ባልዲ የት እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ሲዞር ያንን ክፍት ቦታ አየና ባልዲውን ከሰዒድ እግሮች መሐል አስቀመጠው። እኔ ወርጄ ባልዲውን ማንሳት እችል ነበር። ሞተሩን አስነሳሁ።

ዳቦ ጋጋሪው ከፊታችን በሳቅ አለፈ። እኛ ስንደርስ ሳቁ ቆመ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ አንዳንድ ሴቶች በአባያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። የሪያል ኖት እንደ ቅጠል ወረደ። አደባባዩን ስዞር ባልዲው እንዳይወድቅ ብዬ በመስታወት አየሁ፤ አልወደቀም። ሰዒድ በሁለት እጁ አቅፎት፣ አገጩን ጠርዙ ላይ አድርጎ ይዞታል። እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም። ሲወርድም ማኅበሩ ነው ከእጁ የተቀበለው።

አሸነፍን። የባሕርን ሐዘን እንዲህ አድርጎ ያሳየ የለም ተባለ። አቡ ፈይሰል ዋንጫውን እያሻሸ፣ «ማን አለማመዳቸው?» አለኝ። «ራሳቸው ናቸው» አልኩት። «ማሻ አላህ» አለ። ባልዲው ደግሞ ባሕር ለበላቸው ሰዎች ቤተሰቦች ሄደ፤ ማለትም በማኅበሩ መዝገብ ላይ ስማቸው ላለ። እማማ ዘሃራ መዝገብ ላይ የሉም።

እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ግን ነግሬአችኋለሁ፣ እኔ ሳልጠየቅ የምናገር ሰው ነኝ። አንዱ የቀረጸውን ቪዲዮ ለእህቴ ላክሁላት፤ «ሹፌሩን እዪው፣ ሐሳቡም የእኔ ነው» ብዬ። እህቴ ደግሞ በአጥሩ ማዶ ላሉት ለእማማ ዘሃራ አሳየቻቸው። ልጃቸውን አይተው ደስ ይበላቸው ብላ ነው።

በሦስተኛው ቀን በእህቴ ስልክ ተደወለ። ድምፁ የእህቴ አይደለም።

«ሰዒድ አጠገብህ አለ?»

«የለም፣ እማማ ዘሃራ። መጋዘን ነው።»

«ደግ። እንዳይሰማ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያ ልጅ ከልጅነቱ እግሩን ከፍቶ የሚቀመጠው ጀማልን ሲያቅፍ ነው። ብርድ ሲሆን፣ ምድጃ ዳር፣ ታናሹን እዚያ መሐል አስቀምጦ አገጩን ጭንቅላቱ ላይ ያደርጋል። ባልዲውን ሲያቅፍ አየሁት።»

የመኪናዬን መስኮት ዘጋሁ። ሳልጠየቅ የምናገረው ሰውዬ።

«የጎረቤታችን ልጅ ደርብ ነው የምትሠራው» አሉ። «በየቀኑ ለእናቷ ትደውላለች። ኔትወርክ አለ። እኔ ካወቅሁ ቆየሁ ልጄ፤ እርግጡን ነው አሁን ያየሁት። ዱዓውን እዚህ በዝምታ አስደርጋለሁ። አንተን የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ማወቄን ለሰዒድ እንዳትነግረው። እኔን አተርፋለሁ ብሎ ነው የሚዋሸው። እኔ መስማቴን ከሰማ የሚይዘው ነገር ያጣል። አደራ ብያለሁ።»

እናንተስ ምን ትሉ ነበር? እኔ እሺ አልኩ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ መስኮቱን እንደዘጋሁ፣ በዚያ ሙቀት።

ጀልባው ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል። አቡ ፈይሰል ለከርሞ ሰው እንጨምርበት እያለ ነው። ትናንት ጁምዓ ነበር፤ ሰዒድ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጦ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ደወለ፣ እኔም አጠገቡ ነበርኩ።

«ጀማልማ ደርብ ነው እማዬ፣ ሐብሐብ ደርሶባቸው ነው። ደህና ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ እማማ ዘሃራ። «ቪዲዮህን አየሁት፣ አምሮብሃል። ጀማልን ፀሐዩ እንዳይጎዳው ራሱን ይሸፍን በለው።»

«እነግረዋለሁ።»

ስልኩን ዘጋና ላቡን ጠረገ። ፊቱ ላይ ከባድ ዕቃ ያወረደ ሰው እፎይታ ነበር።

«ቪዲዮውን እንኳ አይታ አላወቀችም» አለኝ።

«ከየት ታውቃለች» አልኩት።