ሊቀ ዓሣት ክንዱ

ክንዱ ሊፈታው የተነሣው ችግር ለመናገር ቀላል ነበር፦ ጓሮው ካለችው ኩሬ ውስጥ የሚፈለፈሉት የቀረሶ ዓሣ ጫጩቶች ሳያድጉ ያልቃሉ። ማን እንደሚጨርሳቸው ግን አይታወቅም።

በየአገሩ ዝም ብሎ መጠበቅ የማይሆንለት ሰው አለ። ገብስ በዘራ ማግስት በቅሎ እንደሆነ ልይ ብሎ አፈሩን ይጭራል፤ ወጥ ከተጣደ ክዳኑን እየከፈተ እንፋሎቱን ይጨርሰዋል። የእስቴው ክንዱ የዚህ ወገን አውራ ነው። «ያልጠበቁት የሰው ነው!» ይላል፣ ቁጭ ሳይል። ጎረቤቱ መሪጌታ ማቴዎስ «ሊቀ ዓሣት» ብለው ሾመውታል። ሚስቱ አስካለ ግን በማዕረጉ የምትጠራው ስትናደድ ብቻ ነው።

በሁዳዴ ውሃው ሞቅ ብሎ ጫጩቶቹ ብቅ ሲሉ፣ ሊቀ ዓሣት ከእህል ጥበቃ የሚያውቀውን ዘዴ ሁሉ ወደ ኩሬዋ አዞረው። ማማ ሠራ። ወንጭፉን ከግድግዳ አወረደ። ወፍ ባየ ቁጥር «ሃይ!» ብሎ ይለቅባታል፤ ወፏ ትበራለች፣ ድንጋዩ ኩሬው መሐል ይወድቃል። አስካለ ምሳ ይዛለት ስትመጣ ቆሞ ይጎርሳል፣ ዓይኑን ከውሃው ሳያነሣ።

«አንተ ሰው፣ ዓሣዎቹ እንኳ አንዳንዴ ያርፋሉ።»

«ያልጠበቁት የሰው ነው!»

አንድ ቀን፣ ድንጋይ በወረወረ ቅጽበት፣ ከማማው ላይ ጮኸ። «ያዝኳት! እናቲቱ ናት! ዋጠቻቸው!»

አስካለ ሮጣ ስትደርስ እውነትም ጫጩቶቹ የሉም። ትልቋ ቀረሶ ብቻ ጉንጯን ነፍታ ቆማለች።

«ሰው በሁዳዴ ወተት እንኳ ይተዋል፤ ይቺ ልጇን!» አለ ክንዱ። ፍርፋሪ ሲጥልላት እምቢ ስትል መሰንበቷም አሁን ገባው፤ ለካ ጠግባ ነው! በአስካለ ወንፊት ጠልፎ ባልዲ ውስጥ ከተታትና ለፍርድ መሪጌታን ሊጠራ ሄደ።

አስካለ ከባልዲው ጋር ቀረች። ጓሮው ያን ያህል ጸጥ ብሎ አያውቅም። ዓሣዋ ጥቂት ቆየችና አፏን ከፈተች፤ ምስር የሚያካክሉ፣ ዓይን ብቻ የሆኑ ጫጩቶች ግልብጥ ብለው ወጡ። አስካለ ባልዲውን በእግሯ ነካ አደረገችው። ሁሉም ተመልሰው እናታቸው አፍ ውስጥ ገቡ። ዝም ስትል ደግሞ ወጡ። ደስ ብሏት ደጋግማ ሞከረችው።

«መሪጌታ፣ ይዩ!» አለች ሲመጡ። «አልበላቻቸውም። ሲደነግጡ አፏ ውስጥ ትደብቃቸዋለች።»

«ከማን ነው የምትደብቃቸው?» አለ ክንዱ።

«ድንጋይ የሚወረውረው ማነው?»

መሪጌታ ጎንበስ ብለው ባልዲውን መረመሩ። «አፏ ልጅ ሞልቶት በምን ትብላ? እኛ ጾምን እንላለን! ጾም የያዘችስ እሷ ናት፣ ሊቀ ዓሣት።»

ክንዱ ባልዲው አጠገብ፣ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ስንቱን በድንጋይ ገደልኩት ይሆን?» አለ ቀስ ብሎ። አስካለ ስትስቅበት ልትውል አስባ ነበር፤ ግን ጥፍር ለማታክል ዓሣ ዓይኑ እንባ ያቀረረ ሌላ ወንድ አይታ አታውቅም። ሳቋን ዋጠችው።

አሁን ክንዱ ዓሣዋን ከነልጆቿ መልሶ ኩሬዋ ላይ ክር እየወጠረ ነው፤ ወፍ ክንፏን የሚጠልፍባትን ነገር ትፈራለች ብለውታል መሪጌታ። ውሃው እንዳይናወጥ በየእርምጃው ትንፋሹን ይይዛል። ወፏ ዛፉ ላይ ሆና ታየዋለች። አስካለ የክሩን ሌላ ጫፍ ይዛ ማዶ ቆማለች፤ ሽሮዋ ቤት ተጥዶ እያረረ ነው።

«ቀስ፣ ክንዴ፣ ቀስ» ትለዋለች በሹክሹክታ። «ዓሣዋ አፏን እየከፈተች ነው። አትተንፍስ።»