ገላጋይ የበዛበት ቀበቶ

እኛ አገር ተደባድቦ መጨረስ አይቻልም። ይህን የምለው በቅሬታ ሳይሆን በትዝብት ነው። ሌላ ቦታ ሁለት ሰዎች ሲተናነቁ ሕዝቡ ክብ ሠርቶ ያያል፣ አንዳንዱም ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል ይባላል። እስቲ ደሴ ላይ ሞክሩት። ገና ቡጢ ጨብጣችሁ ክንዳችሁን ሳብ ስታደርጉ አንዱ ክንዳችሁ ላይ ይንጠለጠላል፣ ሌላው ወገባችሁን ያቅፋል፣ ከገበያ የምትመለስ አንዲት ሴት የያዘችውን ጎመን መሬት ጥላ «በነቢ! በማርያም!» እያለች መሃል ትገባለች። በሁለቱም የምትማፀነው የትኛው እንደሚይዛችሁ ስለማታውቅ ነው። ከዚያ ሻይ ትጋበዛላችሁ። ሻዩ ሲያልቅ በምን እንደተጣላችሁ ለማስታወስ ሌላ ሻይ ያስፈልጋል።

ከእንዲህ ያለ ከተማ የአፍሪካ የቦክስ ሻምፒዮን፣ ያውም ሴት፣ ወጣች ስላችሁ ብትጠራጠሩ አልፈርድባችሁም። እኔ ራሴ ጎረቤቷ ሆኜ ለማመን ጊዜ ወስዶብኛል። ሐያት የሆጤ ሰፈር ልጅ ናት፤ የእነሱንና የእኛን ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። በልጅነቷ ከሰው ጋር ስትጋጭ አይቻት አላውቅም። ዶሮ እንኳ «እሽ» የምትለው ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ ነበር። ትምህርቷን ስትጨርስ ኮምቦልቻ ወርዳ ክር ፋብሪካ ተቀጠረች፤ ከሥራ በኋላ ደግሞ ስፌት እማራለሁ ብላ ለእናቷ ነገረች። ስፌት ዓይን ሥር እንደሚያበልዝ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ስፌት ቤቱ ለካ አሰልጣኝ በላይ የተባለ የቀድሞ ቦክሰኛ ከገበያው ጀርባ የከፈታት አዳራሽ ኖሯል። አሸዋ የሞላ ጆንያ ከጣሪያው ብረት ላይ አንጠልጥሎ ልጆች ያሠለጥናል። ሐያት የገባችው ጓደኛዋን ለመጥራት ነበር አሉ። ጓደኛዋ ዛሬ ወልዳ ከብዳ ሱቅ ከፍታለች፤ ሐያት ግን ከዚያ አዳራሽ አልወጣችም። እኔ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ሚኒባስ የምነዳ ሰው ነኝና አንድ ቀን ዳገቱን ስንወጣ ምን አግኝታበት እንደሆነ ጠየቅኋት። «ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ እጄን የሚያዘው ማሽኑ ነው፤ እዚያ ግን የማዘው እኔ ነኝ» አለችኝ። እኔም መሪ ይዤ የምውል ሰው ነኝ፣ ነገሩ ይገባኛል።

የመጀመሪያ ግጥሚያዋን አዲስ አበባ ላይ ተሸንፋ ከንፈሯ አብጦ ስትመለስ ጎረቤቱ ለቅሶ የሚደርስ ያህል ቤታቸውን ሞላው። ቀጣዩን አሸነፈች። ከዚያ ናይሮቢ፣ ከዚያ ዳሬሰላም ስንል ወሬው እየራቀ እየራቀ ሄደና፣ አንድ ቀን ቀበቶ የሚሉትን ያንን የሚያብለጨልጭ ነገር ታጥቃ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ዱብ አለች። እልልታው ቀለጠ። ቦክስን «የዱርዬ ሥራ» ሲሉ የነበሩ ሁሉ ከፊት ተሰልፈው «እኔ እኮ ድሮም ብያለሁ» አሉ።

ችግሩ የጀመረው ግጥሚያውን በስልኬ ለሸህ እንድሪስ ያሳየሁ ቀን ነው።

ሸህ እንድሪስ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። የሐያት አባት ገና ሕፃን ሳለች ሲሞት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል፤ ስሟንም ያወጡት እሳቸው ናቸው። ከቄስ ኃይሉ ጋር ሆነው ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያልዳኙት የድንበር ጠብ የለም። ለሽምግልና እስከ ሐርቡ ከተማ ድረስ ይጠራሉ። እንግዲህ ሁለቱ ሽማግሎች ግራና ቀኝ ተቀምጠው ስልኬ ላይ አፈጠጡ።

«ይሄ መሃል የቆመው ማነው?» አሉ ሸሁ።

«ዳኛው ነው ሸኼ። ገላጋይ በሉት።»

ተጠግተው አዩ። እየቆዩ ፊታቸው ጠቆረ። «ወላሂ እንዲህ ያለ ገላጋይ አይቼ አላውቅም! ሲመታቱ ቆሞ ያያል፤ ደክሟቸው ሲተቃቀፉ ሮጦ ያለያያቸዋል!»

ቄስ ኃይሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የእኛን ሥራ ገልብጦ የተማረ ነው» አሉ።

እኔ ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም። ሁለቱ ሽማግሎች በዚያ ቀን ልባቸው ውስጥ ያስቀመጡት ነገር ነበረ፦ ልጃችን በሰው አገር ገላጋይ አጥታ ተደበደበች፣ በአገሯ ግን ይህ አይሆንም።

ሐያት ደግሞ የምትመኘው አንድ ነገር ነበር። ቀበቶዋን አገሯ ላይ፣ እናቷና የሰፈሯ ሰው እያዩ ማስከበር። ብዙ ደጅ ጠንታ ተሳካላት፤ ግጥሚያው ኮምቦልቻ አዳራሽ ሆነ። ተጋጣሚዋ ሳምራዊት የምትባል የአዳማ ልጅ ናት። እንግዲህ በቦክስ ዓለም ከግጥሚያ በፊት መዛዛት ወጉ ነው፤ ትኬት ይሸጣል። ሳምራዊትም ሬዲዮ ላይ ቀርባ «ሐያትን እናቷ ፊት ነው የምዘርራት» አለች። በማግስቱ ሁለቱ አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠው የተነሱት ፎቶ በትልቅ ባነር ደሴ ፒያሳ ላይ ተሰቀለ።

ሸህ እንድሪስ ባነሩን አዩት። ሬዲዮውንም ሰምተዋል። ለግጥሚያው አንድ ቀን ሲቀረው ከቄስ ኃይሉ ጋር ደጃፌ ላይ ቆመው «ሰይድ፣ መኪናህን አስነሳ» አሉኝ። ሽማግሌ መኪና አስነሳ ሲል ወዴት ተብሎ አይጠየቅም። ኮምቦልቻ፣ ሳምራዊት ያረፈችበት ሆቴል ግቢ ስንደርስ ሐያትም ተጠርታ ቆማ አገኘናት።

ሁለቱን ልጆች ዛፍ ሥር አስቀመጧቸው። «ምን አድርጋሽ ነው ልጄ?» አሉ ሸህ እንድሪስ ሳምራዊትን።

«ምንም አላደረገችኝም አባቴ።»

«እንግዲያ እናቷ ፊት ምን ብለሽ ትዘርሪያታለሽ?»

«ሥራዬ ስለሆነ ነው።»

ሸሁ ወደ ቄሱ ዞሩ፣ ቄሱ ወደ ሸሁ ዞሩ። በሥራ የመጣ ጠብ ሸምግለው አያውቁም። ቄስ ኃይሉ ግን ልምድ ያላቸው ሰው ናቸውና ጠቡን ትተው ወደ ልጅቷ ገቡ። የማን ልጅ ነሽ፣ ማን አሳደገሽ፣ ስትመቺ ማን ያለቅስልሻል ብለው ጠየቋት። ሳምራዊት ያደገችው አክስቷ ቤት ነው። በሯጭነት ጀምራ ወደ ቦክስ ስትገባ ማንም «ተይ» ያላት፣ ማንም «አይዞሽ» ያላት የለም። ይህን እየተናገረች ድምፅዋ ተሰበረ። ሰው ስለ እሷ ብሎ ቁልቁለት ወርዶ ሲመጣ የመጀመሪያዋ ነበር። ሐያትም አለቀሰች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ከመኪናው ኋላ ሄጄ ጎማ የማይ መስዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በእኛ አገር ወግ የሚሆነው ነው። ሸሁ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱ መስቀል አሳለሙ፣ ሁለቱም ልጆች ተሳሳሙ፣ «ከእንግዲህ እጄን አላነሳባትም» ብለው በየእምነታቸው ማሉ፣ ሁላችንም አሚን አልን። አሚን ካልን በኋላ ነው ሰው ሁሉ የነቃው።

አሰልጣኝ በላይ ወሬውን ሰምቶ እየሮጠ ደረሰ። «ሸኼ! ምን አደረጉኝ?»

«አስታረቅንልህ» አሉት፣ ትከሻውን መታ መታ አድርገው። «አብሽር።»

ነገሩ ቀልድ ከመሰላችሁ እኛን አታውቁንም ማለት ነው። ሐያት በማግስቱ ካልገጠመች ቀበቶው ይወሰዳል፤ ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ያበጠ ከንፈር ውሃ በላው። ከገጠመች ደግሞ ዕርቅ አፍራሽ ናት። በእኛ ዘንድ ዕርቅ ያፈረሰ ሰው ሠርግ ላይ ቢቀመጥ አጠገቡ ያለው ይነሳል። ሐያት በዓለም ላይ ለማንም እምቢ ማለት ትችላለች፣ ለሸህ እንድሪስ ግን አትችልም። ፊቷን ሳየው ከአዲስ አበባ ከተመለሰችበት ቀን ይበልጥ የተሸነፈች ሰው መሰለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሸሁ ቤት መጣች። ሁለቱ ሽማግሎችና እኔ በረንዳው ላይ ነበርን። እጃቸውን ሳመችና ቁጭ ብላ «አባባ፣ ትናንት ጠባችንን ጨርሳችሁልናል። እኔና ሳምራዊት አሁን ቂም የለንም። ቂም ሳይኖር መማታት ጠብ ነው?» አለች።

«ያለ ቂም ሰው ሰውን ይመታል እንዴ ልጄ?»

ሐያት መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ቄስ ኃይሉ ቀደሟት። የላይ ከንፈራቸውን በጣታቸው ገለጥ አድርገው ለሸሁ አሳዩ። ከፊት አንድ ጥርስ የለም። በልጅነታቸው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተቀላቅሎ የገና ጨዋታ ሲጫወት፣ ሩሯን፣ ያችን ድቡልቡል እንጨት፣ ልምታ ብሎ ጥርሱን በዱላው ያወለቀው እንድሪስ የሚባል ጎረምሳ ነበር።

«አንድ ቀን ተቀይሜህ አውቃለሁ?» አሉ ቄሱ።

ሸህ እንድሪስ ክፍተቱን አዩት። ከዚያ ጢማቸውን እየዳበሱ ፈረዱ። «እንግዲያው መሐላው ለጠብ ነው፤ ጨዋታ ከሆነ ተጫወቱ። ግን እኛ ከአጠገብ እንቀመጣለን። ደም የፈሰሰ እንደሆነ እዚያው እንጨርሳለን፤ ቂም አያድርም።» ሐያት ተነስታ ጉልበታቸውን ሳመች። ሳምራዊት ፍርዱ በስልክ ሲነገራት ሳቀች አሉ፤ ከዚያ ግን እሷም ከቄስ ኃይሉ አፍ ካልሰማሁ ብላ አስደወለች።

እኔ ብዙ የስፖርት ውድድር አይቻለሁ። እንደዚያ ያለ ተመልካች ግን አላየሁም። ሌላ አገር «በያት! ድገሚያት!» እየተባለ ይጮኻል። ኮምቦልቻ አዳራሽ ውስጥ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ የሚጮኸው «ኧረ ተዉ! በአላህ! በጊዮርጊስ!» ነበር። ከፊት የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ልማድ ሆኖበት ገመዱን ሊሻገር ሲል ፖሊስ ያዘው፤ ፖሊሱም የእኛው ልጅ ስለሆነ ዳኛውን በጥርጣሬ ነበር የሚያየው። ሁለቱ ልጆች ግን እውነተኛ ቦክሰኞች ናቸው። ዕርቃቸውን በልባቸው፣ ጓንታቸውን በእጃቸው አድርገው እንዲህ ነው የማይባል ግጥሚያ አሳዩን። ሸህ እንድሪስ ሲመታቱ ይነሳሉ፣ እኔ ጋቢያቸውን ይዤ አስቀምጣለሁ። ሲተቃቀፉና ዳኛው ሲያለያያቸው ይነሳሉ፣ እንደገና አስቀምጣለሁ።

መሃል ላይ የሳምራዊት ቡጢ አገጯ ላይ አረፈና ሐያት ወደቀች። አዳራሹ ፀጥ አለ። ዳኛው መቁጠር ጀመረ። በዚያ ፀጥታ ውስጥ አንድ ሻካራ ድምፅ ብቻ ተሰማ፤ «ተነሽ! ተነሽ አንቺ ልጅ!» ዘወር ስል ሸህ እንድሪስ በእግራቸው ቆመዋል፣ ጋቢያቸው እኔ እጅ ላይ ቀርቷል። ሐያት ተነሳች። ከዚያ በኋላ ያሳየችውን እናቷ ዛሬም ድረስ ለመጣው እንግዳ ሁሉ በእጇ እያሳየች ትተርካለች። ዳኞቹ ነጥባቸውን ሲያነቡ ቀበቶው ወገቧ ላይ ቀረ።

እልልታው ሳይበርድ ሁለቱ ሽማግሎች ወደ መድረኩ ወጡ። ማንም አልከለከላቸውም፣ ማን ደፍሮ! የሳምራዊት ግራ ዓይን አብጧል፣ ቅንድቧም ደምቷል። ደም ፈሷል ማለት ነው። ሸሁ «ድንጋይ» አሉ። የአዳራሹ በር እንዳይዘጋ የተቀመጠው ኮብልስቶን ከእጅ ወደ እጅ መጣ። የአፍሪካ ሻምፒዮን ሐያት ቀበቶዋን እንደታጠቀች፣ ድንጋዩን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ በወጉ እንደ በዳይ ሰው በተሸነፈችው ልጅ ፊት አጎነበሰች። «አውፍ በይኝ» አለች። ያሸነፈ ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም ነበር።

ይቅር ማለት የተበዳይ ሥልጣን ነው። ሁሉም የሳምራዊትን አፍ ያያል። እሷ ባበጠው ዓይኗ ሐያትን፣ በደህናው ዓይኗ ሽማግሎቹን አየችና «ይቅር እላለሁ፤ ግን ካሣ አለኝ» አለች።

«ተናገሪ ልጄ» አሉ ቄስ ኃይሉ።

«ድጋሚ ትግጠመኝ። በእኔ አገር፣ አዳማ።»

አሰልጣኝ በላይ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። እንዲህ ያለው ነገር በውል፣ በጠበቃ፣ በስንት ድርድር ነው የሚገኘው። ድንጋይ የተሸከመ ሰው ግን አይደራደርም። ሐያት ከድንጋዩ ሥር ሆና ሳቋ አመለጣት፤ «እሺ» አለች። ሽማግሎቹም ለተበዳይ ፈረዱ። ድንጋዩ ወረደ፣ ሁለቱ ተቃቀፉ፣ ሕዝቡ አሚን አለ። ዳኛው ከልማዱ የተነሳ ሊያለያያቸው አንድ እርምጃ ወደፊት ብሎ ነበር፣ ቄስ ኃይሉ በመስቀላቸው መለሱት።

ወደ ደሴ ዳገቱን ስንወጣ ሐያትና እናቷ ከኋላ ወንበር ተኝተዋል። ቄስ ኃይሉም ያንጎላጃሉ። ሸህ እንድሪስ ከአጠገቤ ሆነው ከመንገዱ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ስለ ተጣለባቸው የሽምግልና አደራ የሚያስቡ መሰለኝ።

«ሰይድ» አሉኝ በመጨረሻ፣ ከኋላ ያሉት እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግራዋን ስትሰነዝር ቀኝ እጇን ከአገጯ ላይ ታወርዳለች። ለዚህ ነው የወደቀችው። በአላህ ይዤሃለሁ፣ ወደ አዳማ ሳንሄድ ለአሰልጣኝ በላይ ንገርልኝ።»